እሳት ውስጥ የከተትኩት የአክስቴ ብረት

እኔ ሰሞኑን ከአክስቴ ጋር ተኳርፌ ነው የከረምኩት። የተኳረፍነው በገንዘብ ወይም በቤት ውርስ እንዳይመስላችሁ። በዳቦ መጋገሪያ ነው! አትሳቁ፣ መጀመሪያ ስሙኝ።

አክስቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አዛውንቶችን እየተንከባከበች ነው የምትኖረው። ለዓመታት ያስታመመቻቸው አንዲት አሮጊት ሲያርፉ ልጃቸው «እማዬ ላንቺ ይሁን ብላለች» ብላ ሁለት ጥቁር ብረት ሰጠቻት። አንደኛው ሲኒ ሲኒ የሚያካክሉ ክብ ጉድጓዶች አሉት፤ ትንንሽ የቁርስ ዳቦ የሚጋገርበት ነው። ሁለተኛው ሰባት ጉድጓድ አለው፤ እያንዳንዱ የበቆሎ ራስ ይመስላል፣ ፍሬው እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አክስቴ ለእኛ የገዛችውን ልብስ ከሻንጣ አውጥታ እነዚህን ተሸክማ መጣች። ያን ሁሉ ኪሎ!

እኔ ያየሁት ግን ዝገቱንና እንደ ሬንጅ የደረቀውን ጥላሸት ነው። «ላስደንቃት» ብዬ እሷ ለቅሶ በሄደችበት ክቡን ፍም ከሰል ውስጥ ከተትኩት። ጥላሸቱ እልም አለ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ግን እንደ ሸክላ የቀላ ቅርፊት አውጥቶ፣ ተቆልምሞ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት የሚወዛወዝ ሆነ። አክስቴ መጥታ አየችው። ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለካ ይኼ የጋራዥ ልጆች «ጊዛ» የሚሉት፣ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ብረት ነው። ጠንካራ ይምሰል እንጂ ሙቀት ባንዴ ሲበዛበት ይጣመማል፣ ትኩስ ሆኖ ቀዝቃዛ ውሃ ከነካው ይሰነጠቃል። አንዴ ከተጣመመ ደግሞ መመለሻ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ይህን ዕቃ እንደ ቅርስ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ይህን ሁሉ ያነበብኩት ጥፋቱን ካጠፋሁ በኋላ ነው።

ሰብሳቢዎቹ መጀመሪያ የሚያዩት ጀርባውን ነው። ግሪስዎልድ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1865 ኢሪ፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ተቋቁሞ እስከ 1957 በዚያው ሠርቷል። ተፎካካሪው ዋግነር ደግሞ በ1891 ሲድኒ፣ ኦሃዮ ውስጥ ነው የተጀመረው። ከሁለቱም ቀድሞ የቦስተኑ ናትናኤል ዋተርማን ሚያዝያ 5 ቀን 1859 የፈጠራ መብት አውጥቶ፣ ቀኑን ራሱን መጋገሪያው ላይ አስቀርጾታል። ብዙዎቹ ግን ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለባቸው፤ ቁጥሩ ከመጽሐፍ ጋር ይመሳከራል።

መቼም ገንዘብ ባለበት አጭበርባሪ አይጠፋም። ዋናውን ዕቃ አሸዋ ላይ አትመው ቅጂ ያፈሳሉ። ታዲያ ቅጂው በምን ይታወቃል? የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል። ላዩ ሲዳሰስ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ጠርዙም በሞረድ እንደተፋቀ ያስታውቃል። የድሮው ግን የእጅ ሥራ የበዛበት ስለሆነ ቀጭንና ልስልስ ነው።

እንግዲህ የበቆሎውን እንዳላበላሽ ተጠንቅቄ ጀመርኩ። ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቁትን ኮስቲክ ሶዳ ገዛሁ። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ 20 ሊትር ውሃ ሞልቼ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ጨመርኩበት። ልብ በሉ፣ ሶዳው ነው ውሃው ላይ ቀስ ተብሎ የሚጨመረው፤ ውሃውን ሶዳው ላይ ካፈሰሳችሁ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። የላስቲክ ጓንትና የዓይን መነጽር ግድ ነው፣ ሕፃን ባለበት ቤት ባልዲው መቆለፍ አለበት። የአሉሚኒየም ዕቃ ደግሞ እዚያ ውስጥ እንዳትከቱ፣ ይበላዋል። ብረቱን ግን አይነካውም። በሳምንቱ ያ ሬንጅ የመሰለ ነገር በብሩሽ ብቻ ተላቀቀ።

ሶዳ ዝገት አያስለቅቅም። ለዝገቱ አቼቶና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅሎ መዘፍዘፍ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ግን አሲዱ ብረቱን ራሱን መብላት ይጀምራል። በባትሪ ቻርጀር የሚያጸዱም አሉ። እነሱ የሚፈሩት አይዝጌ ብረት አብሮ እንዳይገባ ነው፤ መርዘኛ ክሮሚየም ያወጣል። ከጸዳ በኋላ ወዲያው ይደርቅና ዘይት ይቀባል፤ ከዚያ ዘይቱ ያልተቀባ እስኪመስል ድረስ ይጠረጋል። በመጨረሻ ምድጃ ውስጥ በ230 ዲግሪ ተደፍቶ አንድ ሰዓት ይጋገራል። ዘይት ከበዛበት ሙጫ ይሆናል።

እኔ ግን እዚያ አልደረስኩም። ጥላሸቱ ሲለቅ «ግሪስዎልድ» የሚለው ፊደልና 273 የሚል ቁጥር ፍንትው ብለው ወጡ። አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። የእህቴ ልጆች «የበቆሎው ዳቦ መቼ ነው?» እያሉ ይነዘንዙኛል። ብረቱን ስገለብጠው ሁለቱ ጉድጓዶች ውስጥ የበቆሎው ፍሬ መሀል ብርማ ነገር ተጣብቋል። በጥፍሬ ጫርኩት፣ ለስላሳ ነው።

ሰብሳቢዎቹ የሚፈሩት ይህንን ነው። በአሜሪካ እንዲህ ያለ መጋገሪያ ውስጥ ጥይት የሚሠራበትን እርሳስ አቅልጦ ማፍሰስ የተለመደ ነበር። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፣ ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅ መጠን የለውም፣ ዘይት ቀብቶ በመጋገርም አይጠፋም። ቅድሚያ መመርመር ነበረብኝ፣ እኔ ግን በጥላሸቱ ጀመርኩ። አክስቴ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው መመርመሪያ አስመጣች፤ ጉድጓዱን ስንጠርገው ቀለሙ ተቀየረ።

ማታ ለአሮጊቷ ልጅ ደወልን። «አባቴ ዓሣ ማጥመድ ይወድ ነበር፤ ለመንጠቆው ክብደት የሚሆነውን እርሳስ የሚያፈሰው የበቆሎው ላይ ነው» አለች። «እማዬ እሱን ነክታው አታውቅም። ዕድሜ ልኳን የጋገረችልን በክቡ ነው።»

አክስቴ ስልኩን ዘጋችና በረንዳው ጥግ ላይ ወዳለው ወደ ተቆለመመው ብረት ዞረች። የበቆሎው አሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ልጆቹ በማይደርሱበት ከፍታ።