ላፕቶፑ እየበራ ሲጠፋ፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት



በዚህ ተርም መጨረሻ በመምህራን ክፍላችን ትልቅ ድንጋጤ ደርሶብን ነበር። አምስት መምህራን በጋራ የምንጠቀምበት ላፕቶፕ አንድ ማታ እየበራ ይጠፋ ጀመር። የዊንዶውስ ምልክት ይመጣል፣ ነጠብጣቦቹ ይዞራሉ፣ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ውስጡ የሦስት ዓመት የተማሪዎች ውጤት አለ። ለሪሴትልመንት የሚሄዱ ልጆች ይዘው የሚወጡትን ማስረጃ የምንጽፈው ከዚያው ነው፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ የአንድ ቤተሰብ የጉዞ ቀን ተቆርጦ ነበር።

ገበያ ውስጥ ያለ አንድ ጠጋኝ አየውና «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው፣ 1500 ሽልንግ» አለን። ውስጡ ያለውስ? «እሱማ ይጠፋል።» እንዲህ በቀላሉ! ከኢንሴንቲቫችን ላይ 1500 ማውጣቱ ራሱ ቀላል አይደለም፤ የልጆቹ ውጤት መጥፋቱ ግን ይብሳል። ተሸክመነው ተመለስን።

መጀመሪያ የጠረጠርነው የካኩማን ሙቀትና አቧራ ነበር። ጀነሬተሩንም አምተነዋል። ይህን የሚለይ ቀላል ዘዴ አለ። ማሽኑን እንዳበራችሁ ባዮስ ወደሚባለው ገጽ ግቡ (በብዙዎቹ ኤፍ2፣ በአንዳንዶቹ ኤፍ10 ወይም ዲሊት ነው)። እዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይጠፋ ከቆየ ሙቀቱና መብራቱ ብዙም አያስጠረጥሩም። እዚያም እያለ ከጠፋ ግን ማራገቢያውን፣ ባትሪውንና ቻርጀሩን ተመልከቱ። የኛው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቁጭ አለ። ችግሩ ዊንዶውሱ ዘንድ ነው ማለት ነው።

ያኔ አንዱ ባልደረባችን መሬት መሬት እያየ ተናዘዘ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ነጻ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 (እ.ኤ.አ.) መቆሙን ሰምቶ፣ «ማሽኑ እንዳያረጅብን» ብሎ፣ በሞባይሉ ኢንተርኔት ድራይቨር ሁሉ የሚያድስ ፕሮግራም አውርዶ ኖሯል። «ሁሉንም አድስ» የሚለውን ተጫነ፤ ፕሮግራሙም ለስክሪኑ የማይሆን ድራይቨር ጫነበት። አልተቆጣነውም ብንል ውሸት ነው፤ ግን ባይናገር ኖሮ እስከ ዛሬም እንደናበርን ነበርን።

ድራይቨር ስንል ሾፌር ማለታችን አይደለም። በዊንዶውስና በማሽኑ ዕቃዎች መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ኢንተርቪው የገባ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ አስተርጓሚው ከተሳሳተ ሁለቱም ወገን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኬዙ ይበላሻል። በትልልቆቹም ላይ ይደርሳል። በጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ድርጅት የተበላሸ ማሻሻያ አሰራጭቶ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወድቀው፣ በየአገሩ በረራዎች ተሰርዘዋል።

ወደኛው እንመለስ። የዊንዶውስ ምልክት ሲመጣ ማብሪያውን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭነን አጠፋነው። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ስናደርግ ሰማያዊው የጥገና ገጽ መጣ። ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፤ ዝርዝሩ ሲወጣ 4 ቁጥርን ተጫንን። ሴፍ ሞድ ይሉታል፤ ዊንዶውሱ የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ ይዞ ይነሳል። አንዳንድ ማሽን እዚህ ላይ የቢትሎከር ቁልፍ ብሎ 48 አሃዝ ይጠይቃል፤ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል።

ስክሪኑ ፊደሉን አግዝፎ፣ ደብዘዝ ብሎ ተነሳ። እልል ልንል ምንም አልቀረን! ማንም ምንም ሳይነካ መጀመሪያ ውጤቱን በሙሉ ወደ ፍላሽ ገለበጥን። ጥገናው ከዚያ በኋላ ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ገብተን፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ከሚለው ሥር ያለውን ስም በቀኝ ማውስ ተጭነን፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ድራይቨር፣ ከዚያ ሮል ባክ ድራይቨር አልን። የድሮው ተመለሰ። ይህ ቁልፍ ደብዝዞ አልጫን ካለ፣ አንኢንስቶል ብላችሁ የድራይቨሩንም ሶፍትዌር አብሮ እንዲያጠፋ ምልክት አድርጉ። ያም እምቢ ካለ በጥገናው ገጽ ሲስተም ሪስቶር አለ፤ የተቀመጠ የቀድሞ ነጥብ ካገኘ ማሽኑን ወደዚያ ቀን ይመልሰዋል፣ የጻፋችኋቸውን ሰነዶች አይነካም።

ያን አዳሽ ነኝ ባይ ፕሮግራምም በዚያው አባረርነው። ድራይቨር ያስፈለገው ሰው ከማሽኑ ፋብሪካ ገጽ ወይም ከራሱ ከዊንዶውስ አፕዴት ይውሰድ።

የቤተሰቡ ልጆች ማስረጃ ሐሙስ ታትሞ ተፈርሟል። ፍላሹ በቆርቆሮ ሣጥን ተቆልፎበታል። ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል ብቅ በሉ፤ ቻርጀራችሁን ግን ይዛችሁ ኑ፣ የኛው አንድ ብቻ ነው።