ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያለው ምርጫ
ለላሊበላና ለላስታ ነጋዴዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

የላሊበላ የቅዳሜ ገበያ የሚወሰነው ቅዳሜ ቀን ብቻ አይደለም። ማሩን ከባለ ቀፎው ጋር አስቀድሞ የተዋዋለ፤ የጭነቱን ዋጋ ከባለ መኪናው ጋር ሐሙስ የተስማማ፤ ሚዛኑንም አስተካክሎ ያደረ ነጋዴ፤ ከገበያው ሲደርስ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። ሳይዘጋጅ ቆይቶ ፀሐይ ካዘነበለች በኋላ የሚደርሰው ግን ሌላው መርጦ የተወውን ይገዛል። ስለ ሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫም የምንለው ይህንኑ ነው።

መራጭ በምርጫው ቀን የሚቀርብለት አስቀድሞ የተዘጋጀ የስም ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ የሰፈሩትን ሰዎች ከሌሎች መካከል ለይተው ያቀረቡ ሌሎች መራጮች ከእርሱ በፊት ነበሩ። ይህ የፊተኛው ምርጫ በአንዳንድ አገር «ቅድመ ምርጫ» ተብሎ በሕግ ተደንግጓል፤ በእኛ አገር ደግሞ በየፓርቲው ውስጥ በዕጩ ጥቆማ ይፈጸማል። ነጋዴው ወገን ብዙውን ጊዜ የሚታየው በኋለኛው ምርጫ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በፊተኛውም እንዲገኝ ለማሳሰብ ነው።

ጉዳዩ ነጋዴውን በምን ይመለከተዋል?

«ምርጫ የፖለቲከኞች ሥራ ነው፤ እኔ ሱቄን እጠብቃለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የሱቁን ግብር የሚደነግገው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 96 እና በአንቀጽ 97 የግብርን ሥልጣን ሲያከፋፍል፤ ከውጭ በሚገባና ወደ ውጭ በሚወጣ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ለፌዴራሉ መንግሥት፤ በክልሉ ውስጥ በግል ከሚነግዱ ሰዎች የሚሰበሰበውን የትርፍና የሽያጭ ግብር እንዲሁም የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን ለክልሉ ሰጥቷል። ስለዚህ የላሊበላው ባለ ሱቅ፤ ባለ ማረፊያ ቤትና ማር ነጋዴ በአዲስ አበባ ለተወካዮች ምክር ቤት የሚላከውን ሰው እንደሚያውቅ ሁሉ፤ በባሕር ዳር ለክልሉ ምክር ቤት የሚቀመጠውንም አጥብቆ ማወቅ አለበት። የገበያውን ሥፍራ፤ የቄራውንና የከተማውን ጽዳት የሚመለከተው ምክር ቤትም ከደጁ ነው።

የላስታ ንግድ ከሌላው አገር ንግድ የሚለይበትም ነገር አለ። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ፤ የከተማዪቱ ኑሮ በአብዛኛው በእንግዳ ላይ ቆሟል። በልደት በዓል የሚጐርፈው ምእመንና በአውሮፕላን የሚመጣው ጐብኚ ሲቀር፤ የሚጐዳው ባለ ሆቴሉ ብቻ አይደለም፤ እንጀራ ጋጋሪዋ፤ በቅሎ አከራዩ፤ ሸማኔውና በግ ይዞ የሚመጣው ገበሬ ሁሉ ይጐዳል። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የእንግዳው እግር ተቋረጠ። ከሐምሌ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዪቱ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር፤ መብራት፤ ስልክና ባንክ ተቋርጦ ነጋዴው በሩን ዘጋ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ውጊያ እንደ ገና ደርሶባታል። እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት አገር ጉዳዩን በየምክር ቤቱ የሚናገርለት፤ ሒሳቡን የሚያውቅለት ሰው ያስፈልገዋል። ይህም ሰው በምርጫው ሳምንት በድንገት አይገኝም።

ከዚህ በፊት እንዴት ነበር?

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የቆመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡ መኳንንትና የየአገሩ ሹማምንት እንዲሆኑ ያዝዝ ነበር፤ ይኸውም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ ተብሎ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፤ ወንድም ሴትም ሳይለይ፤ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቀደ። በዚህ መሠረት የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተፈጸመ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት መሪ የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም በዚያው ምርጫ ለእንደራሴነት በቁ። እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስም በየ4 ዓመቱ 5 ጊዜ ምርጫ ተደርጓል።

በእነዚያ ዓመታት ፓርቲ የሚባል አልነበረም። ተወዳዳሪው በራሱ ስምና በራሱ ገንዘብ ይቀርብ ነበር። የፊተኛው ወንፊት ሀብት ነበር፤ ሕጉ ዕጩው በሚመረጥበት ሥፍራ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት፤ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። ርስት ያልነበረው ነጋዴ በመደብሩ ዕቃ ዋጋ ለውድድር ሊበቃ ይችል ነበር ማለት ነው፤ ጭሰኛው ግን ከበሩ ይመለስ ነበር። ዛሬ ይህ የሀብት ሚዛን ቀርቷል። በእርሱ ፈንታ የቆመው ወንፊት የፓርቲ ዕጩነት ነው።

የፓርቲው ወንፊት ምን ያህል ብርቱ ነው?

በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤትን 547 ወንበሮች በሙሉ ወሰዱ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገውም ምርጫ፤ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን አንድ ፓርቲ አገኘ። ስለ ውጤቶቹ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ፍርድ ይኖረዋል፤ የንግድ ጋዜጣ ሥራም ለማንኛውም ወገን መከራከር አይደለም። ነገር ግን ከቁጥሩ የሚገኝ አንድ ትምህርት አለ። አንድ ፓርቲ ብዙውን ወንበር በሚያገኝበት ጊዜ፤ እንደራሴው ማን እንደሚሆን የሚቆረጠው ፓርቲው ዕጩውን በሚሰይምበት ስብሰባ ነው። የአማራጭ ፓርቲዎችም ነገር ከዚህ አይለይም፤ ደካማ ዕጩ ያቀረበ ፓርቲ ከውድድሩ በፊት ተሸንፏል።

ሌሎች አገሮች ይህን ተገንዝበው መላ ፈልገዋል። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት፤ በአገረ ገዢው በሮበርት ላ ፎሌት ግፊት፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1903 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የፓርቲዎችን ዕጩዎች የመሰየም ሥልጣን ከጥቂት አለቆች እጅ ወጥቶ በምስጢር ድምፅ ለመራጩ ሕዝብ እንዲሰጥ ተደረገ። በጎረቤታችን በኬንያ ፓርቲዎቹ ራሳቸው ቅድመ ምርጫ ያካሂዳሉ፤ ሆኖም በሚያዝያ ወር 2009 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ገዢ ፓርቲ ጁብሊ ከገመተው በላይ ሕዝብ ስለ መጣና የድምፅ ወረቀት ስላነሰ የመጀመሪያውን ቀን ቅድመ ምርጫ ሰርዞ እንደ ገና ለማድረግ ተገዷል። ሥርዐቱ ሳይዘጋጁ ከጀመሩት ኪሳራ እንዳለው ከዚህ ይታያል፤ ሕዝቡ ግን ዕጩ መምረጥ ዋና ነገር መሆኑን ማወቁም በመምጣቱ ብዛት ተገልጧል።

በኢትዮጵያ መንግሥት የሚያካሂደው ቅድመ ምርጫ የለም። እያንዳንዱ ፓርቲ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ዕጩውን ይሰይማል፤ በግሉ መወዳደር የሚሻ ሰውም የድጋፍ ፊርማ አሰባስቦ ይቀርባል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበውት ንግሥናውን አመለከቱ። ዛሬ ዕጩን የሚያመለክቱ ንቦች አይደሉም፤ በስብሰባው የተገኙ ሰዎች ናቸው። ያልተገኘ ሰው አመልካችም ተመልካችም ሊሆን አይችልም።

መራጩ ነጋዴ ሊያደርገው የሚገባ

1ኛ፤ መመዝገብ። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 በመሠረቱ የሚጠይቀው ኢትዮጵያዊ ዜግነትን፤ 18 ዓመት መሙላትንና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ነው። ይህ የ6 ወር ደንብ ለነጋዴ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ከላሊበላ ወደ ወልድያ፤ ከዚያም ወደ ኮምቦልቻ ሲመላለስ የሚኖር ሰው መኖሪያው የት እንደ ሆነ አስቀድሞ መቁረጥ፤ መታወቂያውንም በዚያው ማስተካከል አለበት። በሁለት ሥፍራ መመዝገብ ወንጀል ነው፤ በየትኛውም አለመመዝገብ ግን መብትን በገዛ እጅ መጣል ነው።

2ኛ፤ ካርዱን መጠበቅ። የመራጭነት ካርድ እንደ ንግድ ፈቃድ ተከብሮ ሊቀመጥ ይገባዋል። ለማንም ሰው አይሰጥም፤ በመያዣነትም አይቀመጥም።

3ኛ፤ ጊዜውን በሒሳብ ማስገባት። ያለፈው አገር አቀፍ ምርጫ የዋለው በሰኔ ወር አጋማሽ ነው፤ ሰኔ ደግሞ ነጋዴው የዓመት ሒሳቡን የሚዘጋበት፤ የላስታ ገበሬም ከእርሻው የማይለይበት ወር ነው። የቆጠራውንና የመዝገቡን ሥራ ቀደም አድርጎ የጨረሰ ሰው ለመሰለፍ ጊዜ አያጥረውም። አሠሪም ለሠራተኞቹ ተራ ሊያወጣላቸው ይገባል፤ ማንን እንደሚመርጡ ግን ሊጠይቃቸው አይገባም፤ ድምፅ በሕገ መንግሥቱ ምስጢር ነውና።

4ኛ፤ ጥያቄን አስቀድሞ ማዘጋጀት። የፓርቲ አባል የሆነ ነጋዴ ዕጩ በሚጠቆምበት ስብሰባ ይገኝ፤ አባል ያልሆነው ደግሞ ፓርቲዎቹ ከመወሰናቸው በፊት ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርብላቸው። «ስለ ጋሸና መንገድ፤ ስለ መብራት፤ ስለ ግብር አወሳሰን፤ ስለ ተዘጉት ማረፊያ ቤቶች ዕዳ ምን ታደርጋላችሁ? ይህንንስ ሥራ የሚችል ሰው ማን አላችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ ፓርቲ ዕጩውን ሲሰይም ጥያቄውን ማስታወሱ አይቀርም።

ሊወዳደር የሚያስብ ነጋዴ ሊያደርገው የሚገባ

ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ፤ ከሚወዳደርበት ሥፍራ ጋር በመኖሪያ ወይም በትውልድ የተያያዘ፤ መብቱ በሕግ ያልተገደበ ሰው ለውድድር ሊቀርብ ይችላል። ዳኛ፤ ወታደርና ፖሊስ ለመወዳደር ሥራቸውን መልቀቅ አለባቸው፤ ነጋዴ ግን ሱቁን እንዲዘጋ ሕግ አያስገድደውም። ሆኖም ሕግ ያላስገደደውን ጥበብ ታስገድዳለች። አንደኛ፤ የመደብሩን ገንዘብና የውድድሩን ገንዘብ በተለያየ መዝገብ ይያዝ፤ ግብሩንም አጠናቅቆ ይክፈል። የራሱን ሒሳብ ያላጠራ ሰው የሕዝብን በጀት እመረምራለሁ ቢል የሚያምነው የለም። ሁለተኛ፤ ዱቤ በመሰረዝና ስጦታ በማደል ድምፅ ለማግኘት አይሞክር፤ ድምፅን በጥቅም መግዛት በሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ፤ የተገዛ ድምፅ ነገ ሌላ ገዢ ይመጣበታል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። የምርጫ ክልሉ ከተማው ብቻ አይደለም፤ መራጩ በአብዛኛው በየተራራው ገብስና ጤፍ የሚያርስ፤ በግና ንብ የሚያረባ ባላገር ነው። ነጋዴን ዋጋ ሲቆርጥበት ብቻ የሚያውቀው ገበሬ ለነጋዴ ድምፁን አይሰጥም። ለመወዳደር ያሰበ ሰው ምርጫው ሁለትና ሦስት ዓመት ሲቀረው ጀምሮ በዕድሩ፤ በማኅበሩና በገበሬው ሸንጎ እየተገኘ፤ የማሩ ዋጋ ለምን እንደሚወርድ፤ ማዳበሪያው ለምን እንደሚዘገይ ከባለጉዳዩ አፍ ይስማ። የፓርቲው ጥቆማ በሚደርስበት ቀን ስሙን የሚያነሣለት ሰው የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ሴቶች ነጋዴዎቻችንም ይህን ልብ ይበሉ። የላሊበላን ገበያ ያቆሙት በአብዛኛው እነርሱ ሆነው ሳለ፤ በዕጩዎች ዝርዝር ላይ ስማቸው ጥቂት ነው። ወይዘሮ ስንዱ በ1950 ዓ.ም. ያለፉበት በር ዛሬ በሕግ ከዚያ ይልቅ ሰፊ ነው።

በመጨረሻም፤ ሰላም በሌለበት የምርጫ ካርድ ወረቀት ብቻ መሆኑን ላስታ ከማንም ይልቅ ያውቃል። የ2013ቱ አገር አቀፍ ምርጫ ከተደረገ ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ከላሊበላ ደርሷል። ያም ሆኖ፤ ጠብን በቃል ለመቁረጥ ከምክር ቤት የተሻለ ሥፍራ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘም፤ ወደዚያም የምንልከው ሰው ጨዋ፤ ዐዋቂና ዕርቅ ወዳድ ይሆን ዘንድ መጠንቀቅ የእኛ ፋንታ ነው። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ሲሉ የተናገሩት ለወጥ ቤት ብቻ አይደለም። በርበሬው የሚመጠነው ዕጩ በሚሰየምበት ጊዜ ነው፤ የላስታ ነጋዴም በዚያ ሰዓት ከሙቀጫው አጠገብ ይገኝ።