ጃካራንዳው በመቀስ በሚቆረጥበት ዕድሜ

ክረምት ላይ ሌሊቱን ሲዘንብና ሲነፍስ ካደረ በኋላ ከመሃሉ ለሁለት የተሰነጠቀ ዛፍ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ አጥር ወይም ቆርቆሮ ላይ ተጋድሟል። ሰው ሁሉ «ነፋሱ ጣለው» ይላል። እባካችሁ ጠጋ ብላችሁ ስንጥቁን እዩት።

ብዙ ጊዜ በስንጥቁ የላይኛው ክፍል የምታገኙት ነጭ እንጨት ሳይሆን የጠቆረ ቅርፊት ነው። ችግኙ ገና ትንሽ ሳለ ጫፉ ለሁለት ተከፍሎ ባላ ሆኗል። ሁለቱም እኩል እየወፈሩ እኩል ወደ ላይ ተሽቀዳድመዋል። የተለያዩበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ በወፈሩ ቁጥር ይገፋፋሉ፤ መሃላቸው የተቀረቀረው ቅርፊት ደግሞ እንጨት ከእንጨት እንዳይያያዝ ይጋርዳል። ከውጭ አንድ ግንድ የሚመስለው፣ ውስጡን ሲያዩት ተደጋግፈው የቆሙ ሁለት ምሰሶዎች ናቸው። የተሰነጠቀው ያን ሌሊት ቢሆንም ድክመቱ የጀመረው ዛፉ የሰው ቁመት ሳያክል ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ በዚያ ዕድሜው መፍትሔው አንድ መቀስ ብቻ መሆኑ ነው! በየግቢያችን የምንተክለው ጃካራንዳ ባላ ማውጣት ይወዳል። ከሁለቱ ጫፎች ቀጥ ያለውንና ጤነኛውን ምረጡ፣ ሌላውን ቁረጡ። ተፎካካሪው ወፍሮ ከሆነ ግን በአንዴ ከሥሩ አታንሱት፤ ወደ ጎን የወጣ ቅርንጫፍ ካለበት በላይ አሳጥሩት። ቅጠሉ ሲቀንስበት እድገቱ ይዘገያል፣ የመረጣችሁት ይቀድመዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት የቀረውን ታነሱታላችሁ። በጎን ያሉት ቅርንጫፎችም ውፍረታቸው ከግንዱ ግማሽ እንዳይበልጥ ጠብቁ። ቅርንጫፉ ከቀጠነ ግንዱ በየዓመቱ አዲስ እንጨት በመነሻው ዙሪያ እየጠቀለለ አጥብቆ ይይዘዋል።

የት ላይ እንደሚቆረጥስ? እዚህ ላይ አሌክስ ሺጎን ሳላነሳ አላልፍም። ይህ የአሜሪካ ደን አገልግሎት ተመራማሪ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ ውስጣቸውን ያጠና ሰው ነው። ያየውም ዛፍ የተጎዳ እንጨቱን መልሶ እንደማያድስ፣ ይልቁንም ብስባሱ እንዳይዛመት ዙሪያውን አጥሮ በላዩ አዲስ እንጨት እንደሚያለብስ ነበር። ያ አጥር የሚሠራው ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚነሳበት ቦታ ያበጠ ቀለበት በሚመስለው አንገት ላይ ነው። በጣታችሁ ብትዳስሱት ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ከአንገቱ ወጣ ብላችሁ ቁረጡ። ግንዱን አስጠግታችሁ ከላጫችሁት አጥሩን ታፈርሳላችሁ፤ ጉቶ ካስቀራችሁም ጉቶው በስብሶ መግቢያ ይሆናል። ቁስሉን ቀለም ወይም ጭቃ መቀባት ብስባስን አይከላከልም፣ ተዉት።

አንድ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። ዛፉ ቶሎ እንዲረዝም ተብሎ የታችኛው ቅርንጫፍ ሁሉ ተመልምሎ አናቱ ላይ ጭብጥ ቅጠል ይቀራል። ውጤቱ ሰምበሌጥ የመሰለ፣ ያለ ድጋፍ መቆም ያቃተው ግንድ ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች የሚያዘጋጁት ምግብ ግንዱን ከግርጌው ያወፍረዋል። አሳጥሯቸው እንጂ ቶሎ አታጥፏቸው። ደግሞ ቅርንጫፍ ከዛፉ ጋር ከፍ አይልም፤ ዛሬ ደረታችሁ ጋ የበቀለው ከሃያ ዓመት በኋላም እዚያው ነው፣ የሚለወጠው ውፍረቱ ብቻ ነው። ግንዱ ላይ ሚስማር ብትመቱ እሱም ከመታችሁበት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ መኪና በሚያልፍበት በኩል ያለ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ሁሉ ጊዜያዊ መሆኑን ከአሁኑ እወቁ፤ ሳይወፍር ተራውን ጠብቆ ይነሳል።

ስትቆርጡ ስስት ይኑራችሁ። በአንድ ጊዜ ከለምለሙ ቅጠል ሩቡን እንኳ ማንሳት ብዙ ነው። በተለይ ጃካራንዳ ክፉኛ ከተጨፈጨፈ ሽቅብ የሚተኮሱ ቀጫጭን ቀንበጦች ያወጣና ቅርፁ ይበላሻል።

እንግዲህ ግቢያችሁ ውስጥ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የተተከለ ዛፍ ካለ ዛሬውኑ ወጥታችሁ ጫፉን ቁጠሩት። ሁለት ከሆነ አንዱን ምረጡለት።