ቴርሞስታት በከሚሴ ቤት

ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻና በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ የሚወርድ መንገደኛ ካፖርቱን የት ላይ እንደሚያወልቅ ገላው ራሱ ይነግረዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትቀመጥ፥ ከሚሴ ግን በቦርከና ወንዝ ሸለቆ በ1,400 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። 1,000 ሜትር በወረድን ቍጥር አየሩ በአማካይ 6 ወይም 7 ዲግሪ ስለሚሞቅ፥ የደሴው ሰው ጋቢ ሲደርብ የከሚሴው መስኮት ከፍቶ ቢያመሽ አይደንቅም።

አምና በግንቦት ወር ሦስት ሆነን አንድ የከሚሴ ልጅ የሆነ ጓደኛችንን ተከትለን ወደ ቤተ ሰቦቹ ወርደን ነበር። በደግነት ተቀበሉን። እኛን ግን ከምግቡም ከቡናውም ይልቅ የማረከን በሳሎኑ ጥግ የቆመው ፍሪጅ ነበር። በውስጡ ከ1 እስከ 7 የተጻፈባት ክብ ቍልፍ አለች፤ 3 ላይ ቆማ አገኘናት። «በዚህ ሙቀት 3 ምን ይሠራል?» ተባባልንና ማንንም ሳናስፈቅድ 7 ላይ አዞርናት። ውሃው በእርግጥ በረደ፤ እኛም ጠጥተን ተኛን። ሲነጋ ግን ከኋለኛው ግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠው የጓደኛችን አባት የኢንሱሊን ብልቃጥ ወደ በረዶነት ተለውጦ ተገኘ።

ኢንሱሊን አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ ወዲያ፥ ቀልጦ እንደ ቀድሞው ቢመስል እንኳ መጣል አለበት፤ ኀይሉን ሊያጣ ይችላልና፥ ይህንንም በዐይን አይቶ መለየት አይቻልም። ሌላ ብልቃጥ እስኪገዛ ድረስ በዚያ ጧት የነበረውን ጭንቀት መዘርዘር አያስፈልግም። አዛውንቱ «አብሽሩ ልጆቼ፥ ውሃ የጠማው ሰው ምን ያድርግ!» ብለው አልፈውታል። እኛ ግን ስለ መኪና ምንም ያልተማርን የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ብንሆንም፥ ያችን ክብ ቍልፍ ሳንመረምራት መቅረት አልሆነልንም።

የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ቍልፏን እንደ ቧንቧ መክፈቻ አድርገን ነበር የቈጠርናት፤ ብዙ ሲያዞሩት ብዙ ይፈሳል ብለን። ቴርሞስታት ግን የማቀዝቀዣውን ጉልበት አይጨምርም፥ አይቀንስምም። ሥራው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው። ቍጥሩ የሚነግረው «በምን ያህል ፍጥነት አቀዝቅዝ» ሳይሆን «የት ስትደርስ አቁም» የሚለውን ነው። ስለዚህ 7 ላይ የተደረገ ፍሪጅ 3 ላይ ካለው ፈጥኖ አያቀዘቅዝም፤ 3 በሚያቆምበት ላይ ሳያቆም ወደ በረዶው ያልፋል እንጂ። ደግሞም እነዚያ ቍጥሮች ዲግሪዎች አይደሉም። 7 ማለት 7 ዲግሪ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው፥ በአብዛኛው ፍሪጅ ቍጥሩ ሲበዛ ቅዝቃዜው ይበረታል።

ካውያ የያዘ ሁሉ ይህን መሣሪያ ያውቀዋል፤ እየተኰሰ ሳለ «ቀጭ» ብሎ መብራቱ የሚጠፋው በእርሱ ነው። በካውያው ውስጥ ሁለት ዐይነት ብረት ተጣብቆ አንድ ዝርግ ሆኖ ተሠርቷል። ሲግል አንዱ ከሌላው ይልቅ ስለሚረዝም ዝርጉ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥም የኤሌክትሪኩን መገናኛ ያላቅቀዋል። ሲቀዘቅዝ ይቃናና እንደ ገና ያገናኛል። በተለመደው ፍሪጅ ውስጥ በዝርጉ ፈንታ ጋዝ የተሞላ ቀጭን ቱቦ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ በአዳዲሶቹ ደግሞ ሙቀትን የሚለካ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ተተክቷል። የቤትን ሙቀት በኤሌክትሪክ የመቆጣጠሩን ነገር ካስጀመሩት አንዱ በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት የመምህራን ማሠልጠኛ አስተማሪ የነበረው ዋረን ጆንሰን ነው፤ በ1883 እ.ኤ.አ. ለመሣሪያው የባለቤትነት ፈቃድ አገኘ። ምክንያቱም የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሙቀቱን ለማየት ክፍሉ ድረስ እየመጣ ትምህርቱን ያቋርጥበት ስለ ነበር ነው ይባላል። የእርሱ ችግር ብርድ ነበር፤ የከሚሴው ግን ሙቀት ነው፤ ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው። በደሴ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቶ እስከ መጨረሻው የሚያዞረው ጓደኛችንም ክፍሉ ቶሎ አይሞቅለትም፤ ዘግይቶ ያልበዋል እንጂ።

ወደ አየር ማቀዝቀዣው፥ ማለት ኤሲ ወደሚባለው እንምጣ። በቆላ ከተሞቻችን ባሉ ማረፊያ ቤቶች እንግዳው ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ሪሞቱን አንሥቶ 16 ላይ ያወርደዋል። ከ24 ይልቅ 16 ክፍሉን ቶሎ ያበርድልኛል ብሎ ነው። የተለመደው ኤሲ ግን ኮምፕረሰሩ ከተነሣ የሚሠራው በአንድ ጉልበት ነው፤ ወደ 24 የሚያደርሰው ጊዜ በሁለቱም ቍጥር እኩል ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። 24 የተባለው ያርፋል፤ 16 የተባለው ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር 16 የሚባል ነገር ላይ ስለማይደርስ ሲያጓራ ያድራል፥ ቈጣሪውም አብሮት ይዞራል። ኢንቨርተር የሚባለው አዲሱ ዐይነት ጉልበቱን ስለሚያመዛዝን በመጀመሪያው ላይ ጥቂት ሊፈጥን ይችላል፤ ሌሊቱን ሙሉ 16 ላይ ማሳደሩ ግን እርሱንም ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። ለእንቅልፍ 25 ወይም 26 ላይ አድርጎ ቬንትሌተር በቀስታ ማዞሩ ይሻላል፤ ነፋሱ ላብን እያደረቀ ገላን ያቀዘቅዛልና።

ከዚህ በላይ ጠለቅ ያሉ ማስተካከያዎችም አሉ። ማንም ቴርሞስታት በአንድ ነጥብ ላይ አይቆምም፤ 25 ቢባል ምናልባት 24 ላይ አጥፍቶ 26 ላይ ያበራል። ይህ በመካከል ያለው ልዩነት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ልዩነቱን ማጥበብ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን እጅግ ከጠበበ ኮምፕረሰሩ በየጥቂት ደቂቃው እየተነሣ እየጠፋ ያልቃል። ኮምፕረሰር ከቆመ በኋላ በውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት እስኪስተካከል 3 ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኤሲው ወዲያው አልነሣም ቢል ተበላሽቷል ብሎ ሪሞቱን መደብደብ አይገባም፤ እየጠበቀ ነው። ይህን መዘግየት «አጥፋ» የሚል ምርጫ በመሣሪያው ቢገኝም አለመንካት ነው።

ሌላው የመለኪያው ቦታ ነው። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ ሙቀቱን የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ላይ፥ ማለትም ከጣሪያው ሥር ነው፤ ሞቃት አየር የሚሰበሰበውም እዚያው ነው። ስለዚህ መኪናው 25 እስኪል አልጋው ዘንድ 23 ሊሆን ይችላል። ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝቶ በአልጋው ትክክል ሰቅሎ ሁለቱን ማነጻጸር ነው፤ ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ከሆነ በማስተካከያው ገብቶ ልዩነቱን ማረም፥ ማስተካከያ ከሌለው ደግሞ 27 ብሎ ማዘዝ። የእንቅልፍ ምልክት ያለበት ቍልፍም አለ፤ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ቍጥሩን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል። ከመኪናው ሁሉ ጥበብ እኛ የወደድነው ይህን ነው።

ይሁን እንጂ በከሚሴ የቤቱ ዋና ጠላት ከላይ ነው። ፀሐይ የመታችው ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ግሎ ሙቀቱን በራስ ላይ ይለቃል። ቀድሞ የነበረው የሣር ክዳን በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ ቤቱን ቀዝቃዛ ያደርገው ነበር፤ እርሱን ጥለን ቆርቆሮ ከከደንን በኋላ የገባውን ሙቀት በኤሌክትሪክ ለማስወጣት ገንዘብ እንከፍላለን። ቆርቆሮው ከእሳትና ከዝናብ ይሻላልና ይመለስ አንልም። ግን ኮርኒስ መምታት፥ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር መውጫ መተው፥ በምዕራብ በኩል ዛፍ መትከል፥ ሌሊት መስኮት መክፈት ከማናቸውም ቍልፍ ይቀድማሉ። መስኮቱ የወባ ትንኝ የሚከለክል ወንፊት ይኑረው፤ አገሩ ቆላ ነው።

ፍሪጁን በሚመለከት፥ ሞቃቱ ወራት ሲገባ ቴርሞስታቱ ሳይነገረው ራሱ ረዘም ላለ ጊዜ ያሠራዋል። መለወጥ ካስፈለገ አንድ ቍጥር ብቻ አዙሮ አንድ ሙሉ ቀን መጠበቅ፥ ከዚያም ቴርሞሜትሩን በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ማንበብ ይገባል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚፈልገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ስፍራውም መካከለኛው መደርደሪያ ነው፤ የኋላው ግድግዳና የበረዶ ቤቱ አጠገብ ያበርደዋል፥ በሩ ላይ ደግሞ በተከፈተ ቍጥር ሙቀት ይመታዋል። መብራት ሲጠፋ በሩን አለመክፈት፤ ባዶውን ቦታ በውሃ ጠርሙስ መሙላት ቅዝቃዜውን ያቆየዋል።

የጓደኛችን እናት ከፍሪጁ በፊትም የነበራቸው እንስራ አሁንም በጥላ ሥር ተቀምጧል። በሸክላው ቀዳዳዎች የሚወጣው ውሃ ሲተን የውስጡን ያቀዘቅዛል፤ በክረምት አየሩ ሲረጥብ ይሰንፋል፥ በግንቦት ግን ይበረታል። ቍልፍ የለውም፥ ማንም እንግዳ ወደ በረዶ ሊያዞረው አይችልም።

ከመመለሳችን በፊት ቴርሞሜትር ገዝተን ሰጥተናል፤ በመጨረሻው ጧት 5 ዲግሪ አነበበ። በቅርቡ በስልክ ስንጠይቅ ቍልፏ 3 ላይ እንዳለች ፕላስተር እንደ ተለጠፈባትና ለእንግዳ የሚቀዳው ውሃ ከእንስራው እንደ ሆነ ነገሩን።