የወገብ ሕመም ከተወ በኋላ

በእንጦጦ ቁልቁለት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አግድም አዝለው፣ ገመዱን በደረታቸው አጥብቀው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶችን ያላየ ከመካከላችን አይገኝም። በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታም ውኃው በጄሪካን፣ እህሉ በጆንያ በዚሁ ጀርባ ተጉዟል። ከእነዚህ እናቶች አንዷ «ወገቤን ቆረጠኝ» ብለው ሲመጡ እኛ የልማት ሠራተኞች የምንመክረው «እናቴ፣ ጥቂት ተኝተው ይረፉ፤ ሲተውዎት ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ» በማለት ነው። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስመክር ኖሬአለሁ። ምክሩ ግማሹ ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባሉ 23 ትራስ መሰል ነገሮች አሉ። የዲስክ ዙሪያው እንደ ሽንኩርት የተነባበረ ጠንካራ ሽፋን ሲሆን፣ መካከሉ እንደ ራሰ ተልባ የሚያሟልጭና ውኃ የበዛበት ነው። በዐዋቂ ሰው ዲስክ ውስጥ የደም ሥር የለም ማለት ይቻላል፤ ምግቡን የሚያገኘው ከአጎራባቹ አጥንት ቀስ እያለ ከሚሰርገው ነው። ስለዚህ ከተሰነጠቀ እንደ ቆዳ ቁስል ቶሎ አይሽርም።

ድንኳን የተከልን ሁሉ እንደምናውቀው ምሰሶውን የሚያቆሙት በዙሪያው የተወጠሩት ገመዶች ናቸው። ከአከርካሪው ጋር ተጣብቀው አንዱን አጥንት ከሌላው የሚያያይዙት ጥልቅ ጡንቻዎች እንደ እነዚያ ገመዶች ናቸው። እነርሱ ሲደክሙ አጥንቶቹ ከልክ በላይ ይወዛወዛሉ፤ ጫናውም በዲስኩ ላይ ይወድቃል። ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ናከምሶን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰዎች ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ሲለካ፣ ጎንበስ ብሎ ሸክም መያዝ ግፊቱን እጅግ እንደሚጨምረው አሳይቷል።

«ታዲያ ከእነዚህ እናቶች የበለጠ ጠንካራ ጀርባ ያለው ማን ነው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጠንካራ ጡንቻም ከብዙ ሰዓት ሸክም በኋላ ይዝላል። ደግሞም በአውስትራሊያ ጁሊ ሃይድስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወገባቸውን የታመሙ ሰዎች ሕመሙ ከተዋቸው በኋላም የሟሸሸው ጥልቅ ጡንቻ በራሱ ጊዜ አልተመለሰም፤ የተሻለው የተለየ የሰውነት እንቅስቃሴ ያደረጉት ሰዎች ጡንቻ ነው። እንግዲህ እናታችን «ተወኝ» ብለው በሳምንቱ ያንኑ ሸክም ሲያነሡ ገመዱ ገና እንደ ላላ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በጡንቻ ላይ መጫን ግን አይገባም። በፊንላንድ በመንትዮች ላይ የተደረገው ጥናት ለዲስክ ማርጀት ከሥራ ክብደት ይልቅ የዘር ውርስ ድርሻ እንደሚበልጥ አመልክቷል። የታመመ ዲስክም በበኩሉ ጡንቻውን ያከሳዋል፤ የትኛው እንደሚቀድም ሁልጊዜ አይለይም።

ሕመሙ ሲበረታ አንድ ሁለት ቀን ማረፍ አይከፋም፤ ከዚያ በኋላ መራመድ ይሻላል። ቀጥሎም በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ መቀመጫን ከመሬት ማንሣት፤ በእጅና በጉልበት ተደግፎም ቀኝ እጅንና ግራ እግርን፣ ከዚያ በተራው ግራ እጅንና ቀኝ እግርን መዘርጋት ነው። ለዚህ ሰሌን ይበቃል። ሸክሙን መቀነስ የሚከብደው ነገር ነው፤ እንጨት ለሚሸጡ እናት ግማሽ ሸክም ማለት ግማሽ እራት ነውና። እዚህ ላይ ምእመናን ለጥቂት ሳምንታት አህያ ቢያውሱ፣ ወይም ጄሪካኑን የሚያደርስ ወጣት ቢመድቡ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ያለበት የወገብ ሕመም ግን የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር እንቅስቃሴ አይጀመር። እግር ከሰነፈ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካልተቻለ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ።