ጭሱና እሳቱ

ከአንድ ጎጆ ጣራ ላይ ጭስ ሲወጣ ብታዩ ምን ትላላችሁ? ምናልባት ምጣድ ተጥዶ እንጀራ ይጋገር ይሆናል፤ ምናልባትም ቤቱ እየተቃጠለ ይሆናል። ጭሱ እሳት መኖሩን ይናገራል እንጂ እሳቱ የምድጃ ይሁን የቃጠሎ ለይቶ አይናገርም። የፕሮስቴት ካንሰርን የሚመረምሩ ሐኪሞች የሚገጥማቸው ችግር ይህንኑ ይመስላል።

ፕሮስቴት በወንዶች ሰውነት ውስጥ ከሽንት ፊኛ በታች የሚገኝ አነስተኛ ዕጢ ነው። በዚህ ዕጢ ላይ የሚነሣው ካንሰር አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። አንዳንዱ ለብዙ ዓመታት በዝግታ ያድጋል፤ ስለዚህም ካንሰሩ እያለባቸው በሌላ ምክንያት የሚሞቱ አረጋውያን ብዙዎች ናቸው። ሌላው ግን ኀይለኛ ነው፤ ከዕጢው አልፎ ወደ አጥንት ይሠራጫል፤ ይገድላልም። እንግዲህ ጥያቄው «ካንሰር አለ ወይስ የለም?» የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ «ያለው የትኛው ነው?» የሚለውም ነው።

ሕዋሳት የሚሠሯቸው አንዳንድ ፕሮቲኖች ወደ ደም ስለሚገቡ የሕዋሳቱን ሁኔታ ሊጠቁሙ ይችላሉ። እነዚህን «ጠቋሚ ፕሮቲኖች» እንላቸዋለን። አሌክሳንደር ጉትማንና ኤቴል ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1938 አሲድ ፎስፋቴዝ የተባለው ፕሮቲን ካንሰሩ በተሠራጨባቸው ሕሙማን ደም ውስጥ እንደሚበዛ ገለጹ። በ1979 ደግሞ በአሜሪካ፣ በበፋሎ ከተማ፣ ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለው ፕሮቲን ከፕሮስቴት ሥጋ ተነጥሎ ተጣራ። ይህ ፕሮቲን የሚለካው በናኖግራም፣ ማለትም በአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 4 ናኖግራም ለረጅም ጊዜ እንደ ወሰን ሲቈጠር ኖሯል።

ይሁን እንጂ ፒ.ኤስ.ኤ.ን ጤነኛ ሕዋሳትም ይሠሩታል። ዕጢው በዕድሜ ምክንያት ሲያብጥ ወይም ሲመረቅዝ መጠኑ ከፍ ይላል። ስለዚህ የቍጥሩ መብዛት ጭስ ነው፤ የቃጠሎ ማስረጃ አይደለም። ይህ ባለመለየቱ ዝግተኛ ካንሰር የያዛቸው ብዙ ሰዎች ሳያስፈልጋቸው ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ሽንታቸውን መቈጣጠር እስኪሳናቸው ደርሰዋል።

ከዚህም የተነሣ ተመራማሪዎች ምርመራውን አጠሩት። ፒ.ኤስ.ኤ. በደም ውስጥ ከፊሉ ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ፣ ከፊሉ ነጻ ሆኖ ይገኛል። ካንሰር ባለበት ሰው ነጻው ክፍል ብዙውን ጊዜ ያንሳል። ዛሬ አራት ተዛማጅ ልኬቶችን ከሕመምተኛው ዕድሜ ጋር አስተያይቶ ኀይለኛ ካንሰር የመኖሩን ዕድል የሚገምት ምርመራም አለ። የመጨረሻው ፍርድ ግን የሚሰጠው ከዕጢው የተቈረሰ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ከታየ በኋላ ነው። ካንሰሩ ዝግተኛ ከሆነ በክትትል ይጠበቃል፤ ኀይለኛ ከሆነ ሳይዘገይ ይታከማል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ጭስ ባየ ቍጥር ምድጃውን ሁሉ በውሃ የሚያጠፋ ሰው ራቱን ያጣል፤ ጭስን የሚንቅ ደግሞ ቤቱን ያጣል። ብዙ አባቶች ሽንት ሲያስቸግራቸው በኀፍረት ዝም ይላሉ። ችግሩ ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ ለይቶ የሚያውቀው ግን ሐኪም ነው። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ዝም ካሉ፣ በአክብሮት ወደ ሐኪም እንዲሄዱ ምከሯቸው።