በግራ እጅ ሽሽት፣ በቀኝ እጅ ተኩስ፦ የባለ ሁለት ጆይስቲክ ጨዋታዎች ሳይንስ

እንደሚታወቀው የቪዲዮ ጌም በብዙዎች ዘንድ ከጊዜ ማሳለፊያነት ያለፈ ግምት አይሰጠውም። ይሁን እንጂ ከስክሪኑ በስተጀርባ ያለው ሥራ ሲመረመር ጂኦሜትሪ፣ የኮምፒዩተር ሳይንስና ሥነ ልቦና ተሳስረው ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ ይህን ትስስር በግልጽ የሚያሳይ አንድ የጨዋታ ዓይነት መርጠን እናያለን፤ እርሱም ባለ ሁለት ጆይስቲክ የተኩስ ጨዋታ ነው።

የጨዋታው ሕግ ቀላል ነው። የግራው ጆይስቲክ ተጫዋቹን ያንቀሳቅሳል፤ የቀኙ ደግሞ ወደ ተገፋበት አቅጣጫ ጥይት ይተኩሳል። በየከተማችን በሚገኙ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ኳስ የተጫወተ አንባቢ ሁለቱን ዘንጎች በአውራ ጣቶቹ ያውቃቸዋል። ለመሆኑ አንድ ዘንግ መጨመር ያን ያህል ለውጥ የሚያመጣው ለምንድን ነው? ከዚህ ዓይነት ጨዋታዎች መካከልስ ጥሩውን ከተራው የሚለየው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ከመነሻው እንጀምር።

አንድ እጅ፣ ሁለት ጥያቄ

በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካና በጃፓን ሳንቲም እየተጨመረባቸው የሚሠሩ፣ አርኬድ የሚባሉ የጨዋታ ማሽኖች ተስፋፍተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 አታሪ ባወጣው አስትሮይድስ ውስጥ መንኮራኩሩ የሚተኩሰው አፍንጫው ወደ ዞረበት አቅጣጫ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ስተርን ያወጣው በርዘርክ ደግሞ ተጫዋቹን በሮቦቶች መካከል በእግር ያስኬደዋል፤ ነገር ግን መራመድና መተኮስ በአንድ ጊዜ አይቻልም። በሁለቱም ጨዋታዎች «ወዴት ልሂድ?» እና «ወዴት ልተኩስ?» የሚሉት ጥያቄዎች በአንድ መሣሪያ የታሰሩ ናቸው።

ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። አንድ ጆይስቲክ 8 አቅጣጫዎች አሉት፤ መሐል ላይ ሲቆም አንድ ተጨማሪ ሁኔታ ስለሚኖር በድምሩ 9 ይሆናሉ። በበርዘርክ ተጫዋቹ ከ9 የመንቀሳቀስ ሁኔታዎች ወይም ከ8 የተኩስ አቅጣጫዎች አንዱን ይመርጣል፤ ይህም 17 አማራጮች ማለት ነው። ሁለት ነጻ ጆይስቲኮች ሲኖሩ ግን 9 በ9 ይባዛል፤ 81 አማራጮች ይገኛሉ። በኢንፎርሜሽን መለኪያ ሲሰላ ከ4.1 ቢት ወደ 6.3 ቢት ማደግ ነው። መደመር ወደ ማባዛት የተለወጠው ሁለቱ ጥያቄዎች አንዳቸው ከሌላቸው ነጻ በመውጣታቸው ነው።

ሮቦትሮን፦ የተለያዩ እጆች

ሁለት ዘንግ የመጠቀም ሐሳብ ቀደም ሲልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ጋን ፋይት አንዱን ለመንቀሳቀስ፣ ሌላውን ለማነጣጠር ይጠቀምበት ነበር። ሐሳቡን ወደ ሙሉ ጨዋታ ያደረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1982 ዊሊያምስ ያወጣው ሮቦትሮን 2084 ነው። የሠሩት ዩጂን ጃርቪስና ላሪ ደማር ናቸው። ጃርቪስ እንደተናገረው በመኪና አደጋ ቀኝ እጁ ተጎድቶ ስለነበር የተኩስ ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ያስቸግረው ነበር። በበርዘርክ ተጫዋቹ ሲተኩስ መቆሙም አላረካውም ነበር። ሁለተኛው ጆይስቲክ ለሁለቱም ችግሮች መፍትሔ ሆነ።

አማራጮች ወደ 81 ሲያድጉ ጨዋታው አስቸጋሪ መሆን ነበረበት ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1953 ፊትስና ሲገር የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት የሰው ምላሽ የሚፈጥነው የምላሹ አቀማመጥ ከምልክቱ አቀማመጥ ጋር ሲመሳሰል ነው። ጠላት በስተቀኝ ሲመጣ ዘንጉን ወደ ቀኝ መግፋት ብዙ ማሰብ አይጠይቅም። በአንጻሩ ራሱ ጃርቪስ እ.ኤ.አ. በ1981 የሠራው ዲፌንደር ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚሄድ አንድ ጆይስቲክና አምስት ቁልፎች ስለነበሩት ለጀማሪ እጅግ ከባድ ነበር። እንግዲህ ጨዋታን ለመልመድ የሚያስቸግረው የአማራጮች ብዛት ብቻ ሳይሆን እጅና ዓይን አለመስማማታቸው ጭምር ነው።

በመሣሪያ በኩልም ጨዋታው አስደናቂ ነበር። የሮቦትሮን ፕሮሰሰር ሞቶሮላ 6809 ሲሆን የሚሠራው በ1 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ በ1 ሚሊዮን ምት ነው። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል ስለሚታደስ ለአንድ ምስል የሚደርሰው ከ16,700 የማይበልጥ ምት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በርካታ ሮቦቶችን ማንቀሳቀስ፣ ጥይት ያገኛቸውን መለየትና ሁሉንም መሳል ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥዕሎችን በማህደረ ትውስታ ውስጥ በፍጥነት የሚገለብጡ ልዩ ቺፖች ተጨምረውለት ነበር።

የማሳደድ ጂኦሜትሪ

የሁለቱ ዘንጎች ጥቅም ይበልጥ የሚገለጠው የጠላቶቹ ባሕርይ ሲጠና ነው። አብዛኞቹ የሚከተሉት አንድ ደንብ ነው፦ ተጫዋቹ አሁን ወዳለበት ቦታ አንድ እርምጃ ሂድ። ይህ ደንብ የሚሠራው መስመር በሒሳብ የማሳደድ ኩርባ ይባላል፤ ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ እ.ኤ.አ. በ1732 አንድ መርከብ ሌላውን ሲያሳድድ የሚከተለውን መንገድ በማጥናት አስተዋውቆታል።

ተጫዋቹ ባለበት ከቆመ ጠላቶቹ ከ360 ዲግሪ ዙሪያ ይመጡበታል፤ ለሁሉም መተኮስ አይችልም። በአንድ ቀዳዳ ሾልኮ ከሮጠ ግን ሁሉም ከኋላው ይሰበሰባሉ። የስብስቡ ሬዲየስ 50 ፒክስል፣ ከመሐሉ እስከ ተጫዋቹ ያለው ርቀት 100 ፒክስል ቢሆን ስብስቡ በ60 ዲግሪ ማዕዘን ውስጥ ይወድቃል። የአደጋው አቅጣጫ ወደ አንድ ስድስተኛ ጠበበ ማለት ነው። ባለ አንድ ጆይስቲክ ተጫዋች ግን በዚህ ሰዓት ፊቱ ወደ ሽሽቱ፣ ጀርባው ወደ ጠላቶቹ ስለሆነ ዕድሉን ሊጠቀምበት አይችልም። ባለ ሁለቱ እየሸሸ ወደ ኋላ ይተኩሳል። ሽሽት መከላከያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ መንጋውን ወደ ተፈለገበት ቦታ መንጃ ይሆናል።

ሦስት ጨዋታዎች ሲነጻጸሩ

መሠረቱ አንድ ከሆነ ልዩነቱ የት ነው? ሦስት ታዋቂ ጨዋታዎችን እንመልከት።

በሮቦትሮን ተጫዋቹ እያንዳንዱን ዙር የሚጀምረው ስክሪኑ መሐል ሆኖ፣ በጠላቶች ተከቦ ነው። ተኩሱ በ8 አቅጣጫዎች ብቻ ስለሆነ በሁለት አቅጣጫዎች መካከል የ45 ዲግሪ ክፍተት አለ። ጠላቱ በክፍተቱ አጋማሽ ላይ፣ በ100 ፒክስል ርቀት ቢገኝ ጥይቱ በ38 ፒክስል ያህል ይስተዋል። በመሆኑም ተጫዋቹ ለማነጣጠር እግሩን ማስተካከል አለበት። ከዚህ በላይ ደግሞ በሜዳው የሚንከራተቱ ሰዎች አሉ። ተራው ሮቦት ሲመታ 100 ነጥብ ያስገኛል፤ በአንድ ዙር የመጀመሪያውን ሰው ማዳን ግን 1,000፣ ቀጣዮቹ እየጨመሩ እስከ 5,000 ነጥብ ያስገኛሉ። ሀልክ የሚባለው ሮቦት በጥይት አይሞትም፤ ሰዎቹንም ይገድላል። ስለዚህ ነጥቡ ተጫዋቹን ወደሚያስፈራው ቦታ ይስበዋል።

እ.ኤ.አ. በ1990 ዊሊያምስ ያወጣው የማርክ ተርሜል ስማሽ ቲቪ ተኩሱን በ8 አቅጣጫዎች ቢተወውም ጨዋታውን ለሁለት ሰዎች አደረገው። ጠላቶች በክፍሉ በሮች ይጎርፋሉ፤ ሽልማቶችና የጦር መሣሪያዎች ወለል ላይ ይበተናሉ። ሁለት ተጫዋቾች ጀርባ ለጀርባ ቢቆሙ እያንዳንዳቸው 180 ዲግሪ ብቻ ይጠብቃሉ። ሽልማቱ ግን ያለያያቸዋል፤ የጓደኛውን ጀርባ ጥሎ ለመሮጥ የማይፈተን ተጫዋች የለም።

እ.ኤ.አ. በ2005 ለኤክስቦክስ 360 የወጣው ጂኦሜትሪ ዋርስ ሪትሮ ኢቮልቭድ የስቲቨን ኬክብሬድ ሥራ ሲሆን የተወለደው በአንድ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ውስጥ እንደ ትንሽ ጭማሪ ሆኖ ነው። እዚህ ዘንጎቹ አናሎግ ናቸው፤ ተኩሱ በማንኛውም ማዕዘን ይሄዳል። የማነጣጠር ችግር በመቃለሉ ጨዋታው እንዳይቀል ሌላ ፈተና ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ከጥይት የሚሸሹ አረንጓዴ አራት ማዕዘኖችና በስበታቸው አካባቢያቸውን የሚጎትቱ ክቦች ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሁለተኛው ጨዋታ ደግሞ የነጥብ ማባዣውን ጠላቱ በሞተበት ቦታ ጣለው፤ ማባዣውን ለማሳደግ ወደዚያው መሄድ ግድ ሆነ።

በሮቦትሮን የሚድነው ሰው፣ በስማሽ ቲቪ ወለል ላይ ያለው ሽልማት፣ በጂኦሜትሪ ዋርስ የወደቀው ማባዣ መልካቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ሦስቱም ግራ እጅን ቀኝ እጅ ገና ወዳላጸዳው ቦታ ይጠሩታል። በእኛ እምነት ጥሩውን ጨዋታ ከተራው የሚለየው ይህ ነው። ሁለተኛው ዘንግ ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይቷል፤ የንድፍ ሠሪው ጥበብ ደግሞ ከተለያዩ በኋላ ማጋጨቱ ላይ ነው። ጥቅሙ በአንድ ማዕዘን ቆሞ መተኮስ የሆነ ጨዋታ ሁለት ዘንግ ቢኖረውም አንዱ ሥራ ፈት ነው።

ተኩሱ ሲወገድ

ከሁለቱ እጆች ዋናው የትኛው ነው? ብዙዎች የተኩሱ እጅ ነው ይሉ ይሆናል። ጨዋታዎቹ ራሳቸው ግን ሌላ ማስረጃ ይሰጡናል። በጂኦሜትሪ ዋርስ ሪትሮ ኢቮልቭድ የመጀመሪያዎቹን 60 ሴኮንዶች አንድም ጥይት ሳይተኩስ በሕይወት ለቆየ ተጫዋች ፓሲፊዝም የሚባል ልዩ ዕውቅና ይሰጠው ነበር። በሁለተኛው ጨዋታ ይህ ራሱን የቻለ የጨዋታ ዘዴ ሆነ፤ መሣሪያ የለም፤ ተጫዋቹ በበሮች መካከል ሲያልፍ የሚፈነዱት በሮች ብቻ ጠላትን ያጠፋሉ። ጨዋታውም አልፈረሰም። እ.ኤ.አ. በ2021 ጣሊያናዊው ሉካ ጋላንቴ ለሕዝብ ያቀረበው ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ ከዚህም አልፎ ተኩሱን ለኮምፒዩተሩ ተወው፤ ተጫዋቹ የሚመርጠው የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው። እርሱም በዓለም ዙሪያ በእጅጉ ተወዳጅ ሆነ።

ተኩስ ሲወገድ ጨዋታው ይተርፋል፤ እንቅስቃሴ ቢወገድ ግን የሚተርፍ አይመስለንም። ተኩስ ክፍት ቦታ ይገዛል፤ እንቅስቃሴ ደግሞ ያንን ቦታ በጥበብ ያወጣዋል።

ለተግባር

ይህን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጥቂት ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ተማሪ 30 ነጥቦችን በስክሪን ላይ ይበትን። እያንዳንዱ ነጥብ በየምስሉ ወደ አንድ ተንቀሳቃሽ ነጥብ አንድ እርምጃ ይሂድ። ከዚያ ተንቀሳቃሹን ነጥብ አንድ ጊዜ በማቆም፣ አንድ ጊዜ በቀጥታ በማስሮጥ፣ አንድ ጊዜ በክብ በማዞር አሳዳጆቹ የሚገኙበትን የማዕዘን ስፋት ይለካ። የአሳዳጆቹ ፍጥነት ከተጫዋቹ ሲበልጥ ውጤቱ እንዴት እንደሚለወጥም ይመልከት።

ከሙከራው የሚገኘው ትምህርት ከጨዋታ ክልል ያልፋል። በአንድ መሣሪያ የታሰሩ ሁለት ተለዋዋጮች ሲኖሩ በቅድሚያ መለየት፣ ከዚያም ግንኙነታቸውን ማጥናት በላብራቶሪም ሆነ በምህንድስና የዘወትር ሥራችን ነው። ሮቦትሮንን የሠሩት ሰዎች ያደረጉትም ይህንኑ ነው።